የባዮሎጂ ተማሪ ምን ይማራል? ጋዜጠኛስ ከእሱ ምን ይማር?

አንድ ግቢ እየኖርን፣ አንድ ካፌ እየበላን፣ ስለ ጎረቤት ዲፓርትመንት የምናውቀው ግን በጣም ጥቂት ነው። "ምን ትማራለህ?" ብለን ስንጠይቅ "ባዮሎጂ" የሚል መልስ ካገኘን፣ "አስተማሪ ልትሆን ነዋ!" ብለን እናልፋለን። ይሁንና ነገ ተመርቀን ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ አንበጣ፣ ስለ ደን መመናመንና ስለ ምርጥ ዘር የምንዘግበው እኛው ነን። ስለዚህ የባዮሎጂ ተማሪ ምን እንደሚማርና ከትምህርቱ ለእኛ ሙያ የሚሆን ምን እንዳለ ማየቱ ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ትምህርቱ በአጭሩ

ባዮሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የሃይስኩሉን ሽምደዳ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግን ቦታኒ፣ ዙኦሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢኮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስ እየተባለ ይከፋፈላል። ከክላሱ ሌላ ላብ አለ፣ የመስክ ጉዞ አለ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት አለ። ሽምደዳው አልጠፋም፤ ነገር ግን ሽምደዳ ብቻውን ላብ ውስጥ አያዋጣም። ማይክሮስኮፑ ሥር የሚታየው ነገር ሁልጊዜ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ጥርት ብሎ አይገኝማ!

አንደኛው ትምህርት፦ ስምን በትክክል መጥራት

የባዮሎጂ ተማሪ አንድን ተክል በሁለት ቃል የላቲን ስም ይጠራል። ጤፍን "ኢራግሮስቲስ ጤፍ"፣ እንዶድን "ፋይቶላካ ዶዴካንድራ" ይለዋል። ይህ ለመመጻደቅ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ዘጋቢ "በተራራው ላይ ጽድ ተተከለ" ብሎ ቢጽፍ የትኛውን ጽድ ማለቱ ነው? የሐበሻ ጽድ የአገራችን የደጋ ደን ዛፍ ነው። የፈረንጅ ጽድ ደግሞ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሌላ ዛፍ ነው። የአገር በቀል ደን መልሶ ማልማት ነው በሚባል ዜና ላይ የሁለቱ ልዩነት ዜናውን ራሱን ይለውጠዋል።

አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች በየስማቸው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በእንዲህ ዓይነት ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ተማሪዎቹ ከመስክ የለቀሙትን ተክል ተጭነው የሚያደርቁት በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርገው ነው። የእኛ ሙያ ለእነሱ ቢያንስ እዚያ ላይ ጠቅሟል!

ሁለተኛው ትምህርት፦ ያዩትንና የገመቱትን መለየት

የላብ ሪፖርት የራሱ ቅርጽ አለው፤ ዓላማ፣ ዕቃዎች፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ከዚያ ውይይት። "ውጤት" በሚለው ሥር የሚጻፈው የታየውና የተለካው ብቻ ነው። "ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል" የሚለው ወደ "ውይይት" ይሄዳል። ሁለቱን የደባለቀ ተማሪ ማርክ ይቀነስበታል። እኛ ደግሞ ዜናና አስተያየት አይደባለቁ እየተባልን እንማራለን። ሕጉ አንድ ነው፤ እነሱ ግን በየሳምንቱ ላብ ይለማመዱታል።

ሦስተኛው ትምህርት፦ "ከምን ጋር ሲነጻጸር?"

ላብ ውስጥ "ኮንትሮል" የሚባል ነገር አለ። ማዳበሪያ የባቄላን ዕድገት ይጨምር እንደሆነ ለማወቅ፣ ማዳበሪያ ያላገኘ ባቄላም ጎን ለጎን መተከል አለበት። አፈሩ፣ ውሃውና ብርሃኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ያለዚያ ባቄላው ያደገው በማዳበሪያው ይሁን በሌላ ነገር አይታወቅም።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 አገራችን የገባ ሰሞን "ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወስዶ ዳነ" የሚል ወሬ በየቦታው ነበር። እዚህ ላይ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ቀላል ነው፤ ያልወሰዱትስ? በበሽታው የተያዘ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይወስድም ይድናል። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ሰውን ከሐኪም ሊያርቅ ይችላል። የሰው ሕይወት እኮ ነው!

ሦስቱ ሲገናኙ፦ የእንዶድ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ ነበሩ። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እሳቸውም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን "ቀንድ አውጣዎቹ ለምን እዚህ ሞቱ?" ብለው ጠየቁ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከሩት፤ ሞቱ። ቀጥሎ የብዙ ዓመት የላቦራቶሪና የመስክ ሥራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ለመግደል ስለሚውልበት መንገድ ፓተንት አወጣ። የእናቶቻችን ሳሙና የባለቤትነት ጥያቄ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህ የሳይንስም፣ የሕግም፣ የኢኮኖሚም ዜና ነው። ሳይንሱን ያልተረዳ ጋዜጠኛ ግን ከየት ይጀምረዋል?

ማጠቃለያ

ባዮሎጂን ወደው የመረጡ እንዳሉ ሁሉ፣ ሌላ ፈልገው ተመድበው የገቡም ብዙ ናቸው። "አስተማሪ ልትሆን ነዋ" የሚለው አነጋገራችን ለእነዚህኞቹ በቁስል ላይ እንጨት ነው። እንዲያው ለነገሩ፣ አስተማሪ ቢሆኑስ? አድዋ ወንዝ ዳር "ለምን?" ብሎ የሚጠይቀውን ልጅ የሚያፈራው አስተማሪ አይደል?

ስለዚህ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ከባዮሎጂ ተማሪዎች ጋር እንተዋወቅ። የመመረቂያ ጥናታቸው ምን ላይ እንደሆነ እንጠይቃቸው። ብዙዎቹ ጥናቶች ሼልፍ ላይ አቧራ እየጠጡ ነው፤ ውስጣቸው ግን ስለ ወንዛችን፣ ስለ ምግባችን፣ ስለ በሽታችን የሚናገር ነገር አለ። መምህራኖቻችንም ከእነሱ ዲፓርትመንት ጋር የጋራ የዘገባ ልምምድ ቢያዘጋጁልን መልካም ነው። እነሱ ማስረጃ አላቸው፣ እኛ ደግሞ ለሕዝብ የሚገባ ቋንቋ እየተማርን ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ የሚጎዳው አንባቢው ነው።