የሐኪምን ቃል በድምፅ ስለ መቅረጽ

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፤ የስማዳ ሰው ነኝ። እናቴን የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ከተማ ወስጄ አሳከምኳቸው። ሐኪሙ ሳይሰለች ብዙ መከረን፤ እኛም እሺ እሺ ብለን ወጣን። ቤት ስንገባ ግን እኔ የሰማሁት ሌላ፥ እናቴ የሰሙት ሌላ ሆኖ ተገኘ። በሚመጣው ቀጠሮ የሐኪሙን ቃል በስልኬ ብቀርጸው ነውር ይሆንብኛል ወይ?

መልስ፦ ሐኪሙን አስቀድመው ካስፈቀዱ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ለእናትዎ ሊያደርጉላቸው ከሚችሉት መልካም ነገር አንዱ ይኸው ነው። ከጉና ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ በተዘረጋው በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር፥ ሕሙም ሌሊት ከቤቱ ተነሥቶ፥ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ፥ መኪና ጠብቆ፥ ካርድ አውጥቶ፥ ተራ ይዞ፥ ደም ሰጥቶ፥ ራጅ ተነሥቶ፥ በመጨረሻ ከሐኪሙ ፊት ሲቀርብ፥ ሥጋው በድካም፥ ልቡናውም በፍርሃት ተይዞ ሳለ፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር በአእምሮው ይዞ እንዲመለስ መጠበቅ ከሰው ተፈጥሮ በላይ መጠየቅ ነው። ሮይ ኬሰልስ የተባለው የኔዘርላንድ ተመራማሪ ቀደም ብለው የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ በ2003 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፥ ሕሙማን ሐኪም ከነገራቸው ነገር ከመቶው ከ40 እስከ 80 የሚሆነውን ወዲያውኑ ይረሱታል፤ አስታወስን ከሚሉትም ወደ ግማሽ የሚጠጋው የተሳሳተ ነው። የበሽታው ስም ከሐኪሙ አፍ በወጣ ጊዜ የሕሙሙ ልብ ከስሙ ጋር ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው የኪኒኑ ቁጥርና ሰዓቱ በጆሮ አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ ልቡና አይገባም።

የእናትዎን ሕመም ብንወስድ፥ የተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፥ በቀሩት 4 ወራት ደግሞ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ከእነዚህ አንዱ ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንትን ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለውጠዋል፤ ጉዳት ግን የለውም። ይህችን አንዲት ቃል የረሱ እናት በማግሥቱ ሽንታቸውን አይተው “ደም ሸናሁ፥ መድኃኒቱ አቃጠለኝ” ብለው ኪኒኑን ቢተዉት ማን ይፈርድባቸዋል? በአንጻሩ ዓይን ቢጫ ቢሆን፥ ማስታወክ ቢጸና፥ ወይም ዕይታ ብዥ ቢል፥ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው። የማያሠጋውን ምልክት ከሚያስቸኩለው ለይቶ የነገራችሁ ሐኪሙ ነው፤ ሁለቱ በሰው ትዝታ ውስጥ ሲደባለቁ ግን ሕሙሙ በማያስፈራው ይደነግጣል፥ በሚያስፈራውም ይዘናጋል። ሳሉ ቀነሰልኝ ብሎ በ2ኛው ወር ያቋረጠ ሰውም በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ እንዲመለስበት በር ይከፍታል።

ይሁን እንጂ መቅረጫው ብቻውን አይበቃም። ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚመጡት ደቀ መዛሙርት የተማሩትን ለመምህሩ እንደሚያሰሙና መምህሩም የሳቱትን እንደሚያርምላቸው፥ እርስዎም ከምርመራ ክፍሉ ሳይወጡ “ዶክተር፥ የነገሩንን ልድገምልዎ፤ ከሳትኩ ያርሙኝ” ብለው ቃሉን በራስዎ አንደበት ይመልሱለት። ይህ ልማድ በሌላውም ዓለም ለሐኪሞች በትምህርት የሚሰጥ ነው። ስልኩ በዚያ ጊዜ ክፍት ከሆነ ምክሩን ከነእርማቱ ይይዝልዎታል።

ጥያቄ፦ ከነፋስ መውጫ ነው የምጽፍልዎ። ሐኪሙ እንቢ ቢለኝስ? ስልኬን በጋቢዬ ሸሽጌ ብቀርጽ ምን አለበት?

መልስ፦ አይሸሽጉ። የሐኪምና የሕሙም ነገር በመተማመን የቆመ ነው፤ በስውር መቀረጹን አንድ ጊዜ ያወቀ ሐኪም ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ሕሙም ሁሉ ቃሉን ቆጥቦ ይናገራል። በዚያ ላይ በአገራችን የምርመራ ክፍል ብዙ ጊዜ ሌላ ሕሙምም ይኖራል፤ የእርስዎ ስልክ የእርሱንም ገመና ይዞ ይወጣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሐኪሙ እንቢ ቢል፥ የምርመራውን ሁሉ ትተው “የመጨረሻውን ምክር ብቻ ይፍቀዱልኝ” ብለው ይለምኑት፤ እርሱም ካልሆነ በወረቀት እንዲጽፍልዎ፥ ወይም የሚያምኑት ዘመድ አብሮዎ እንዲገባ ይጠይቁ። ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማይፈቅድ ሐኪም ብዙ አይገኝም።

ጥያቄ፦ የእስቴ ሴት ነኝ፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስልኬም ባለ ቁልፉ ነው። ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ ውድ እናቴ ሆይ፥ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ለእርስዎ ነው፤ ወረቀት የሚያነብልዎ ሰው ቢጠፋ ድምፁን ራስዎ ይሰሙታልና። ባለ ቁልፍ ከሆኑት ስልኮች ብዙዎቹ ድምፅ መቅጃ አላቸው፤ ከቤት ሳይወጡ የልጅ ልጅዎ ከፍታ ታሳይዎ፥ ባትሪውንም ትሙላልዎ። ስልኩን ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ስልክ የጨርቁን ኮሽታ እንጂ ቃሉን አይዝም።

ከሁሉ የሚበልጠው የሚያስቀርጹት ነገር ነው። “በቀን 3 ጊዜ” ተብሎ ብቻ ሲነገርዎ ሰዓቱን ያስቆጥሩት፤ በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ እንደ አሞክሲሲሊን ያለ መድኃኒት ቢሆን፥ ጠዋት 12 ሰዓት፥ ቀን 8 ሰዓት፥ ማታም 4 ሰዓት መሆኑን በአፉ ይናገርልዎ። በቆላው ወባ ለያዘው ሰው የሚሰጠው ኮአርተም ከምግብ ጋር በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ትኩሳቱ በ2ኛው ቀን ቢበርድም የቀረውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ አይገባም፤ “እስከ መቼ ልውሰድ?” የሚለው ጥያቄ ስለዚህ አይቅር። የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ኪኒኑ ሲያልቅ ሕክምናው አለማለቁን ሐኪሙ ራሱ ይንገርዎ። ጾመኛ እንደ ሆኑና እህል የሚቀምሱት በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፥ ጠበልም የሚጠመቁ እንደ ሆነ ሳያፍሩ ይንገሩት፤ ይልቁንም የስኳር ሕመም ያለብዎት ከሆነ መድኃኒት ወስደው ሳይበሉ መዋል ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። ቀጠሮውንም “በ27 በመድኃኔ ዓለም ዕለት” እየተባለ ከበዓሉ ጋር ቢያስነግሩት ቀኑ አይጠፋብዎትም።

ቤት ሲገቡ ለሚያስታምምዎ ሰው፥ ከፈለጉም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያሰሙ። አዲስ አበባ ላለው ልጅዎ መላክም የእርስዎ ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን እጅ ለእጅ እየተላለፈ ከጎረቤት እንዳይደርስ አደራ ይበሉት። ስልኩ ለጥገና በሚሄድበት ጊዜ ሚሞሪው ከቤት ይቅር፥ የሕመምዎ ምስጢር በውስጡ ነውና።

ጥያቄ፦ በመካነ ኢየሱስ የምሠራ የጤና ባለሙያ ነኝ። ሕሙማን ሊቀርጹኝ ሲሉ ቃሌ ነገ ክስ ሆኖ ይመጣብኛል እያልኩ እሠጋለሁ።

መልስ፦ ሥጋትዎን አላቃልለውም፤ በቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ሕሙም የሚያይ ሰው ቃል ሊስት ይችላልና። ነገር ግን “አልነገረኝም” ተብሎ ለሚመጣ ክስ በትክክል የተነገረ ምክር ከነድምፁ መገኘቱ ይበልጥ የሚጠብቀው ባለሙያውን ነው። በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ ያለው ባሮው የነርቭ ሕክምና ተቋም ምክሩን በቪዲዮ ቀርጾ ለሕሙማኑ እስከ መስጠት ደርሷል፤ እኛ ግን ሕሙሙ በገዛ ስልኩ ቢቀርጽ ወጪም አይጠይቀንም። በነፋስ መውጫ፥ በአርብ ገበያ፥ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፥ ሕሙሙ ፈርቶ ሳይጠይቃችሁ ሊወጣ ይችላልና፥ እናንተው ቀድማችሁ “ስልክ ካለዎት ያብሩትና ልንገርዎ” በሉት።