የልጄን የሳል ሽሮፕ ለውሻዬ ልስጠው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሞጣ ነው። ውሻዬ አክታ ያነቀው ይመስል ማሳል ከጀመረ ሳምንት ሆነው። ለልጄ የገዛሁትን አክታ የሚያቀጥን ሽሮፕ ብሰጠውስ? ድመትም አለችኝ።

መልስ፦ አይስጡት። አክታ የሚያቀጥነው ብሮምሄክሲን ለውሻና ለድመትም ይታዘዛል፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም በክብደታቸው ይወስናል። አደጋው በሰው ሽሮፕ ውስጥ አብሮ የሚገባው ነው። ፓራሲታሞል ድመት ከወሰደች ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። በአንዳንድ ስኳር አልባ ሽሮፖች ያለው ዛይሊቶል ደግሞ የውሻን የደም ስኳር በድንገት ያወርዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አጥንት እንዳነቀው የሚያስል፣ ድምፁ የተቀየረ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። አጥንቱን ላውጣለት ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ እንዳይከቱ፣ አደራ! ከነከሰዎ ወይም ለሃጩ ቁስልዎን ከነካ፣ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥበው ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂዱ።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉበት ንጹሕ ውሃ አይጉደልበት፤ አክታን ውሃም ያቀጥናል። ከምድጃ ጭስ ያርቁት፣ አንገቱ ላይ ያለውን ገመድ ያላሉለት፤ ከዚያ የሽሮፑን ጠርሙስ ጭምር ይዘው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት።