ልብስ ጠባቂው ሳውል፤ ለትምባሆ ፋብሪካ ዕቃ ከሚያቀርቡ ኩባንያዎች ስለሚገኝ ትርፍ

ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ በተወገረ ጊዜ ምስክሮቹ ልብሳቸውን አውልቀው ሳውል በተባለ ጎልማሳ እግር አጠገብ እንዳኖሩት በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 7 ተጽፎአል። ሳውል ድንጋይ አላነሣም፤ እጁም ደም አልነካም። ይሁን እንጂ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ሐዋርያ ከሆነ በኋላ፥ ይህን ነገር በኢየሩሳሌም ሕዝብ ፊት ሲናገር (ምዕ. 22፥20) ልብስ መጠበቁን ከግድያው ለይቶ እንደ ቀላል ነገር አልቈጠረውም፤ በሰማዕቱ ሞት ከመስማማቱ ጋራ አያይዞ በራሱ ላይ መሰከረበት እንጂ።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍኖተ ሰላም፥ ከቡሬና በዙሪያቸው ካለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ወጥተው በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ልጆቻችን፥ ለጡረታቸው ከደመወዛቸው የሚቀነሰው ገንዘብ በብዙ መቶ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ይውላል። ብዙዎቹ ዝርዝሩን አይተውት አያውቁም። ዝርዝሩን ያየ ግን በአገር ቤት ላሉት ለንስሐ አባቱ ስልክ ደውሎ፥ «አባቴ፥ ገንዘቤ ሲጋራ በሚሠራ ኩባንያ ላይ የለም፤ ነገር ግን ለሲጋራ ፋብሪካ ወረቀትና ማጣሪያ በሚያቀርብ ኩባንያ ላይ አለ፤ ከዚህ ትርፍ አሥራት ባወጣ ይቀበሉኛልን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? ካህኑ በርበሬና በቆሎ ከሚሸጥ ገበሬ አሥራት ሲቀበሉ የኖሩ ናቸውና እንዲህ ያለ ጥያቄ በቶሎ የሚመለስላቸው አይደለም።

ጥያቄው የውጭ አገር ብቻ ነው የሚልም ቢኖር ይሳሳታል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን ጀምሮአል፤ በቡሬም የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶአል። እስከ አሁን የጎጃም ነጋዴና መምህር አክሲዮን ሲል የባንክ አክሲዮን ማለቱ ነበር፤ ነገ ግን ካርቶን የሚያትም ወይም ስኳር የሚያጣራ ኩባንያ አክሲዮን ይዞ ወደ ደጁ የሚመጣ አይጠፋም። ያን ጊዜ ማን ማን ይገዛዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ትምባሆ ስለ ራሱ ብዙ አንናገርም። አባቶቻችን ሲያወግዙት ኖረዋል፤ አፄ ዮሐንስ ፬ኛም በጽኑ ቅጣት እንደ ከለከሉት በታሪክ የታወቀ ነው። ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ በቀለ የሚለውን ተረት ግን ብንተወው ይሻላል፤ ተክሉ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ስለ ሆነ አርዮስ ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ እስኪያልፍ ድረስ በእኛ በኩል የሚያውቀው አልነበረም። ለማውገዝ ተረት አያስፈልግም፤ በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በትምባሆ ምክንያት እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃልና ይህ ይበቃል። ከእነዚህም መካከል ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው የማያጨሱ፥ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ናቸው።

እንግዲህ ወደ አቅራቢዎቹ እንመለስ። ሲጋራ ከቅጠል ብቻ አይሠራም። የሚጠቀለልበት ወረቀት መጽሐፍ የሚታተምበት ወረቀት አይደለም፤ ስስ ሆኖ፥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተቀላቅሎበት፥ በተለካ ፍጥነት እንዲነድ ታስቦ የሚሠራ ነው። ማጣሪያው ጥጥ ይመስላል፤ ጥጥ ግን አይደለም፥ ከእንጨት ከሚገኝ ነገር በኬሚካል የሚፈተል አሲቴት የተባለ ክር ነው፤ የዚህም ክር እጅግ የሚበዛው ክፍል ለሲጋራ ይውላል። ማጣሪያ መኖሩም አጫሹን ከበሽታ አላዳነውም። መኪናውን የሚሠሩ ሌሎች ናቸው፤ ዛሬ አንዱ መኪና በደቂቃ እስከ 20,000 ሲጋራ ያወጣል። ከዚህ ሌላ ስኳር፥ ሙጫ፥ ካርቶን፥ የሚያብለጨልጭ ወረቀት፥ የጭነት መኪና፥ ነዳጅ አለ። ከእነዚህ የአንዳንዶቹ አቅራቢዎች ስም ከትምባሆ ጋራ ምንም የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ አክሲዮን የሚገዛ ሰው በስማቸው ሊያውቃቸው አይችልም።

ታዲያ ስኳር የሸጠና የማጣሪያውን ክር የፈተለ እኩል ናቸውን? አይደሉም። በገጠራችን ያለውን ቀጥቃጭ እንመልከት። ማረሻና ማጭድ ቀጥቅጦ በገበያ ይሸጣል፤ ከገዙት አንዱ በማጭዱ ባልንጀራውን ቢመታ ቀጥቃጩን የሚከስሰው የለም። ነገር ግን ደም ሊመልስ የተነሣ ሰው በሌሊት መጥቶ፥ «ይህን ጦር ሳልልኝ» ቢለው፥ እርሱም የሚሄድበትን እያወቀ ስሎ ቢሰጠውና ዋጋውን ቢቀበል ንጹሕ ነው የሚለው ማነው? ብረቱም እሳቱም ያው ነው፤ የተለየው ዕቃው ለምን እንደ ተሠራና ሠሪው ምን እንዳወቀ ነው። ባሕር ዛፉን ለነጋዴ የሸጠ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ግንዱ ቤት ይሁን ወረቀት አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገደድም። ለሲጋራ ብቻ የሚነድ ወረቀት የሚሠራ ግን ደንበኛው ማን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 10 ስለዚህ ልዩነት የሚረዳን ትምህርት አለው። በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ከወዴት መጣ ሳይሉ ይበሉ ዘንድ ፈቀደ፤ ነገር ግን ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ የነገራቸው ቢኖር እንዳይበሉ አዘዘ። ሐዋርያው ምእመናን በየሱቁ መርማሪ እንዲሆኑ አልጫነባቸውም፤ የተነገረውን ሰው ግን እንዳልሰማ ይሆን ዘንድ አልፈቀደለትም። በእኛም አገር ነጋሪው ሕጉ ራሱ ሆኖአል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሎ፥ የሲጋራው ፓኬት ከፊትና ከኋላ 70 ከመቶው በሥዕልና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዝዞአል። ስለዚህ ፓኬቱን የሚያትም ሰው የሞትን ማስጠንቀቂያ በገዛ መኪናው እያተመ አላወቅሁም ሊል አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በሸዋ ሮቢት ወይም በብላቴ የትምባሆ ቅጠል ለቅሞ ለልጆቹ እንጀራ የሚገዛ የቀን ሠራተኛና አክሲዮን የያዘ ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሠራተኛው ሌላ ሥራ አጥቶ ይሆናል። ባለአክሲዮን ግን ባለቤት ነው፤ ድምፅ አለው፥ ኩባንያው ብዙ በሸጠ ቍጥር እርሱ ደስ ይለዋል፥ ገንዘቡንም ወደ ሌላ ለመውሰድ የሚከለክለው ችግር የለበትም። ሰዎች እንዲያጨሱ ባይመኝም፥ ከማጨሳቸው በቀር ትርፉ ከሌላ ከየት ይመጣል? በዚህ በኩል ልብስ ጠባቂውን ሳውልን የሚመስለው ከሠራተኛው ይልቅ ባለአክሲዮኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ኢትዮጵያውያን ሁላችን ከዚህ ትርፍ የራቅን አልነበርንም። የትምባሆ ሞኖፖል ጠላት ከአገር በወጣ ማግስት በ1934 ዓ.ም. ተቋቁሞ ገቢው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሲገባ ኖረ። ኋላም ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት በተባለ ጊዜ የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፥ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ 30.95 ከመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የጃፓን መንግሥት ራሱ ከዚያ ኩባንያ ከሲሶ የሚበልጠውን አክሲዮን የያዘ ነው። ኒያላ ሲጋራ በተሸጠ ቍጥር ትርፉ የሚሄደው ወዴት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። ይህን ያነሣነው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የትምባሆ ገንዘብ ትምህርት ቤት ሊሠራ መቻሉን እኛም አንክድም።

«እኔ ብሸጠው ሌላው ይገዛዋል፤ ኩባንያውም አይጎዳም» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። የካሊፎርኒያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ከትምባሆ አክሲዮን ለመውጣት ወስኖ በኋላ በተደረገ ግምት ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ትርፍ እንዳመለጠው ታወቀ። በ2016 ጉዳዩን እንደ ገና መርምሮ ይመለሳል ሲባል ክልከላውን አሰፋው። የኖርዌይ መንግሥት የጡረታ ፈንድም በ2010 ዐሥራ ሰባት የትምባሆ ኩባንያዎችን ከዝርዝሩ አስወጣ፤ ደንቡ ግን የተጻፈው ትምባሆ ስለሚያመርቱት እንጂ ዕቃ ስለሚያቀርቡላቸው ሁሉ አይደለም። የዓለም ደንብ በዚህ ያቆማል፤ ሳውልም በዚያ ዘመን ሸንጎ ቢቀርብ በነጻ ይለቀቅ ነበር።

ስለ አሥራቱም እንናገር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 የማይገባ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሎአል። የካህናት አለቆችም ይሁዳ የመለሰውን 30 ብር የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መባው ሣጥን ከማስገባት ተጠንቅቀዋል (ማቴ. 27፥6)። ግን ያንኑ ብር ከፍለው ደሙን ሲገዙ አልተጠነቀቁም ነበር! ጥንቃቄያቸው በሣጥኑ አፍ ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ስጦታውን መልሶ ልጁን ከነአክሲዮኑ ቢያሰናብተው እነርሱን መሰለ። የዘኬዎስ መንገድ ከዚህ ይሻላል፤ እርሱ የበደላቸውን ፈልጎ መለሰላቸው። በትምባሆ የተጎዱት ግን በስም አይታወቁምና፥ እስከ አሁን የተገኘው ትርፍ በየሐኪም ቤቱ ለሳንባ ሕሙማን ቢውል ወደ ዘኬዎስ ሥራ የቀረበ ይመስለናል። ቀኖና መወሰን የአባቶች የሊቃነ ጳጳሳት ነው፤ እኛ የምንለው ለምክር ነው።

ለዚያ ለጠየቀው ልጅ እንዲህ እንመልሳለን። ስኳርና ነዳጅ የሚሸጠውን ኩባንያ እየመረመርህ ሌሊት እንቅልፍ አትጣ። ለሲጋራ ተብሎ የሚሠራውን ግን፥ ወረቀቱንም፥ ማጣሪያውንም፥ መኪናውንም፥ ካወቅህ በኋላ አትያዘው። ከትምባሆ የራቀ የጡረታ ፈንድ መኖሩን ገንዘብህን የሚያስተዳድረውን ድርጅት ጠይቅ፤ እንዲህ ያለ በውጭ አገር ይገኛል። የንስሐ አባትህ የአክሲዮኑን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ሊያነቡት አይችሉም፤ በሚቀጥለው ስልክህ አንድ በአንድ ንገራቸው፤ እርሳቸውም በእያንዳንዱ ስም ላይ «ይህኛውስ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁህ።