ስለ ቤት ዕቃ መብዛትና በእርጅና ጊዜ ሸክምን ስለ ማቅለል

ሰው ወደዚህ ዓለም ባዶ እጁን እንደ መጣ ባዶ እጁን እንደሚሄድ፥ ምግብና ልብስ ካገኘም ሊበቃው እንደሚገባ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 6፥7-8)። ይህን ትምህርት በየቀብሩ ላይ ያልሰማ የለም። ዳሩ ግን በመምጣትና በመሄድ መካከል ባለው ዘመን የሰበሰብነው ዕቃ፥ ጉልበታችን በደከመ ጊዜ አገልጋያችን መሆኑ ቀርቶ ጌታችን ሆኖ እንደሚገኝ የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነገር ነው።

በሱነም ትኖር የነበረች አንዲት ባለጸጋ ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ በደጇ ሲያልፍ እያየች ማረፊያ ልታዘጋጅለት ወደደች፤ ባልዋንም አማከረችው። በሰገነቱ ላይ ትንሽ ቤት ሠርተው በውስጡ አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ አኖሩለት (2ኛ ነገ. 4፥8-10)። አራት ዕቃ ብቻ ነው። ባለጸጋ ነበረችና ሌላ ዕቃ አጥታ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ሰው የሚያስፈልገውን ስላወቀች ነው እንጂ። አልጋው ለዕረፍት፥ ጠረጴዛው ለማዕድ፥ ወንበሩ ለንባብና ለትምህርት፥ መቅረዙ ለብርሃን ነው። አንድም፥ ቤቱ በዕቃ ስላልተጨናነቀ ለጸሎት የተመቸ ሆነ። የሴቲቱ ልጅ በሞተ ጊዜ ነቢዩ በዚያ ቤት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፥ እግዚአብሔርንም እየለመነ ሕፃኑን አስነሥቶላታል (2ኛ ነገ. 4፥32-37)። የሚመላለስበት ወለል ነበረው። እኛስ በቤታችን ለጸሎት የምንቆምበት ወለል አለን ወይ? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በጉለሌ የሆነ ነገር ነው። ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ፥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሸማኔዎች የሰፈሩበት፥ እስከ ዛሬም በሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። በዚያ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ፥ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ምክንያት የቀበሌ ቤት የተባሉ ናቸው። በአንድና በሁለት ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ልጆች አድገው ወጥተዋል፤ ልጆቹ ሲወጡ ግን ዕቃው አልወጣም።

የንስሐ ልጄ የሆኑ አንዲት የ71 ዓመት እናት እንዲህ ባለው ቤት ይኖሩ ነበር። ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ነገሩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ባለቤታቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ካረፉ 12 ዓመት ሆኗቸዋል። እናቲቱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፥ ሴት ልጃቸው በጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ፥ ደረጃ በማያስወጣው በታችኛው ወለል ካለው ቤቷ አንድ ክፍል አዘጋጅታ ትጠራቸው ነበር። እርሳቸውም ቆብ ጭነው የቀረውን ዘመናቸውን በጸሎት ሊፈጽሙ ይመኙ ነበር። ሁለቱም ግን አልሆነም፤ «ዕቃዬን ሳሰናዳ» እያሉ ሦስት ዓመት ቆዩ።

አንድ ቀን ጠበል ልረጭ ሄጄ ቤቱን ተመለከትሁ። ከበሩ እስከ አልጋው በጎን ካልሆነ በቀር አያስኬድም። ከአልጋው በታች ሦስት ሣጥን፤ በጓዳው ጠላ ከተጠመቀባቸው ብዙ ዓመት ያለፋቸው ጋኖችና እንስራዎች፤ በግድግዳው ሰፌድ በሰፌድ ላይ፤ በማዕዘኑ የዘይት ቆርቆሮ፥ ባዶ ጠርሙስ፥ የተሰነጠቀ ምጣድ፤ በመስኮቱ አጠገብ ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነ የባለቤታቸው የሽመና ዕቃ። «እማማ፥ ቆመው የሚጸልዩት የት ነው?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «አባ፥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው» አሉኝ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን የሚቆሙበት ስፍራ አጥተው እንደ ሆነ ተረዳሁ።

እንዲህ ያለውን አይቶ ስስት ነው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይሳሳታል። እኔ እንዳስተዋልሁት አረጋውያን ዕቃን አጥብቀው የሚይዙበት ምክንያት አራት ነው።

1ኛ፤ ችግርን ማየታቸው ነው። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና ለማግኘት በቀበሌ ሱቅ የተሰለፈ፥ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሲወራ የሰማ ሰው ባዶ ቆርቆሮ ሲጣል ያስፈራዋል። ይህ የችግር ጠባሳ ነውና በተግሣጽ አይድንም፤ ልጆቹ እንደማይጥሉት በተግባር ሲያሳዩት ነው የሚድነው።

2ኛ፤ መታሰቢያ ነው። የሞተ ሰው የለበሰው ልብስ፥ የሠራበት ዕቃ፥ የተቀመጠበት በርጩማ በዓይን ሲታይ ሰውየው ያለ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ለሙታን የሰጠችው መታሰቢያ ጸሎትና ቅዳሴ፥ ተዝካርና ምጽዋት ነው። ዕቃ ያስታውሳል እንጂ አይጸልይም።

3ኛ፤ ክብር ነው። ሰርግና ማኅበር የደገሰች እጅ ጋኗንና መሶቧን ስትሰጥ «ከእንግዲህ እንግዳ አልቀበልም» ያለች ይመስላታል። ስለዚህ ዕቃውን የሚቀበለው ሰው፥ በተቀበለው ዕቃ እንግዳ እንደሚያስተናግድበት ሊነግራት ይገባል።

4ኛ፤ ከሁሉ የሚጠልቀው ሞትን መፍራት ነው። ዕቃን ማካፈል የሞትን ቀን መቁረጥ ይመስላል። ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ የትንሣኤ ተስፋ ብቻ ነው፤ እርሱንም እኛ ካህናት በቀብር ቀን ብቻ ሳይሆን ሰው በጤናው ሳለ ልናስተምረው ይገባናል።

ጌታችን በምሳሌ የነገረን ባለጸጋ እርሻው በሰጠው ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ የት ላኑረው? የሚል ነው (ሉቃ. 12፥16-21)። ለማን ልስጠው? ብሎ አልጠየቀም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ምሳሌ ሲተረጉም፥ በሣጥን የተከማቸው ልብስ የታረዘው ሰው እንደ ሆነ፥ ሳይደረግ የሚበሰብሰው ጫማም ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው እንደ ሆነ አስተምሯል። እንዲህ ከሆነ፥ በቤታችን የተቆለለው ዕቃ ሁሉ የእኛ አይደለም፤ ከፊሉ ባለቤቱን የሚጠብቅ አደራ ነው።

የአባታችን የያዕቆብም ታሪክ ለዚህ ይጠቅመናል። ያዕቆብ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ ዕድሜው 130 ዓመት ነበረ (ዘፍ. 47፥9)። ፈርዖን ሰረገላ ሲልክ ሰረገላው ሕፃናቱን፥ ሴቶቹንና አባታቸውን እንዲያመጣ ነው ያዘዘው፤ ስለ ዕቃቸው ግን እንዳያዝኑ ነገራቸው (ዘፍ. 45፥19-20)። ሰረገላው በመጀመሪያ የተላከው ለሰው ነው። ያዕቆብም የሄደው የልጁን የዮሴፍን ፊት ለማየት ነው። ልጆች ሆይ፤ ወላጆቻችሁን ወደ ቤታችሁ ስትጠሩ ዕቃቸውን ከመቁጠራችሁ በፊት ፊታችሁን አሳዩአቸው፤ ሽማግሌ ወደ ክፍል አይሄድም፥ ወደ ልጁ ፊት ነው እንጂ የሚሄደው።

የእኒያ እናት ልጅ ግን ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። «አባ፥ ቅዳሴ በሄደች ጊዜ ቆራሌው ጠርቼ በአንድ ቀን ልጨርሰው» አለችኝ። ከለከልኋት። የእናትን ዕቃ በሌለችበት ማውጣት፥ ምንም እንኳ በቅን አሳብ ቢሆን፥ እናትን በሕይወቷ ሳለች እንደ ሞተች መቁጠር ነውና። አባትና እናትን አክብር የሚለው ትእዛዝ በሚወዱት ዕቃ ላይም ይደርሳል። ደግሞም እንዲህ የተደረገበት ሽማግሌ በልጁ ላይ ያለው እምነት ስለሚፈርስ፥ ከዚያ በኋላ አንዲት ስኒ እንኳ በፈቃዱ አይለቅም።

ስለዚህ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጀምረን እስከ ፍልሰታ ድረስ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያልን ሠራን። በመጀመሪያ ልብ የማይነካውን፥ ቆርቆሮውንና ጠርሙሱን፥ ለየን፤ ለቆራሌው የሚሆነውን እናቲቱ ራሳቸው ተከራክረው ሸጡት። ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ደርሶ ለሌላ ሥራ እንደሚውል ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ የሚጠቅም ነገር በከንቱ አለመጣሉ አሳርፏቸዋልና። መሶቡንና ረከቦቱን ለልጅ ልጆቻቸው እያንዳንዱን በስም ሰጡ፤ ሲሰጡም ዕቃው ከየት እንደ መጣ፥ በማን ሰርግ እንደ ተገዛ ነገሯቸው። ታሪኩ ሳይነገር የተወረሰ ዕቃ ለወራሹ ሸክም ነው፤ ታሪኩ ተነግሮ የተሰጠ ግን በረከት ይሆናል።

ከሣጥኑ ውስጥ የወጣው ጋቢ ግን አሳዘነን። ከአምስቱ ሦስቱን ብል በልቷቸዋል። ከዓመታት በፊት ቢሰጡ ኖሮ ሦስት ሰው ያሞቁ ነበር። እርሳቸው «እነዚህንም ለነዳያን እንስጣቸው» ቢሉኝ፥ አይሆንም አልሁ። ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀረቡትን ካህናት እግዚአብሔር በነቢዩ በሚልክያስ አድሮ ገሥጿቸዋል (ሚል. 1፥8)። የማንለብሰውን ብጣሽ ለድሀ ሰጥቶ ምጽዋት ማለት እንደዚያ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትም የምእመናን ትርፍ ዕቃ መጣያ አይደለም። እንግዲህ ሁለቱን ደህና ጋቢዎች አጥበው ለአረጋውያን መርጃ ለመቄዶንያ ሰጡ፤ በብል የተበላው መወልወያ ሆነ። ጣቢታ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ የሠራችላቸውን ልብስ እያሳዩ አለቀሱላት (ሐዋ. 9፥36-41)። ያ ልብስ በሣጥን ተቆልፎ ቢቀር ኖሮ ማን ያለቅስላት፥ ማንስ ይመሰክርላት ነበር?

የመጨረሻው የሽመናው ዕቃ ነበረ። በጎረቤት አንድ ወጣት ሸማኔ አለ፤ የራሱ ዕቃ ስለሌለው በሰው ዕቃ ይሠራል፥ ካገኘውም ያካፍላል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እኔ ግን ስሙን አላነሣሁም። አንድ ረቡዕ እናቲቱ ራሳቸው «አባ፥ ያ ልጅ ቢወስደው ባለቤቴ ይቀየመኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። «እርሳቸው ሠርተው ያበሉበት ዕቃ ሌላ ቤት ቢያበላ የሚቀየሙ ይመስልዎታል?» አልኋቸው። አለቀሱ፤ እኔም ዝም አልሁ። በማግስቱ ልጁን አስጠርተው ሰጡት፤ መወርወሪያውን ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ። እርሱም ሌላ መወርወሪያ አላጣም። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ልጁ ቤት ወስደናቸው ሲሠራ ተቀምጠው አዩ። «12 ዓመት ዝም ብሎ ነበር» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

አንዱ ሣጥን ግን አልተከፈተም። ምን እንዳለበት አልጠየቅሁም፤ እንዳለ ወደ ልጃቸው ቤት ሄደ። ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልተፈጸመ አይባልም፤ ሰውን ከዕቃው ስንለይ ከነፍሱ ሰላም እንዳንለየው መጠንቀቅ አለብን።

ሌላውን ስመክር ግን የራሴ ቤት ከሰሰኝ። በጉባኤ ቤት ሳለሁ የጻፍኋቸው የትርጓሜ ማስታወሻዎች በአንድ ሣጥን ነበሩ። አንድ ደቀ መዝሙር እንዲገለብጣቸው ሦስት ጊዜ ለመነኝ፤ ይጠፋብኛል ብዬ ሳስቼ «ኋላ» አልሁት። አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ውኃ ሣጥኑን ሞላው፤ ቀለሙም ፈሰሰ። ያ ደቀ መዝሙር ገልብጦት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትምህርቱ በእርሱ ዘንድ ይገኝ ነበር። እንዳይጠፋብኝ የያዝሁት በመያዜ ጠፋ። ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ የእኛ የቤት ዕቃ ይልቁንም መጽሐፍ ነውና ለተማሪ በጊዜው እንስጥ።

የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ በወጣትነቱ ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ የወረሰውን መሬትና ገንዘብ ሰጥቶ መነነ። በ105 ዓመቱ ሊያርፍ ሲል የቀረችውን ጥቂት ልብስ እንዴት እንደ አከፋፈለ ቅዱስ አትናቴዎስ በገድሉ ጽፎታል። አንዱን የበግ ለምድና የሚተኛበትን መጎናጸፊያ ለራሱ ለአትናቴዎስ፥ ሁለተኛውን ለምድ ለኤጲስ ቆጶሱ ለሰራፕዮን፥ የጠጉር ልብሱን ደግሞ ለሚያገለግሉት ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት አደረገ። መጎናጸፊያውን ቀድሞ አዲስ ሳለ የሰጠው አትናቴዎስ ነበረና ወደ ሰጪው ተመለሰ። ዕቃው ጥቂት ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ባለቤት አገኘለት፤ ከእርሱም በኋላ ክርክር አልተነሣም።

እኛም በዓለም የምንኖረው ይህን ሥርዓት በአቅማችን እንከተል። በእጃችን ልንሰጥ የምንችለውን በሕይወታችን ሳለን እንስጥ፤ እስከ ዕለተ ሞታችን የሚያስፈልገንን ደግሞ በኑዛዜ እንለየው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በአንድ ሣጥን ምክንያት የተለያዩ ወንድማማቾችን የማያውቅ የንስሐ አባት የለም።

እኒያ እናት ከፍልሰታ በኋላ ቆብ ጫኑ፤ ዛሬ እማሆይ ይባላሉ። በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። በክፍላቸው አልጋ፥ በርጩማ፥ ሥዕለ አድኅኖና መብራት አለ፤ ያ ያልተከፈተው ሣጥንም ከአልጋው በታች ነው፥ መወርወሪያውም በላዩ ተቀምጧል። በሥዕሉ ፊት አንድ ምንጣፍ የሚያዘረጋ ባዶ ወለል አለ። ጉልበታቸው እስከ ዛሬ ያማቸዋል፤ ነገር ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው በዚያ ይቆማሉ።

ለእኛም ከዕቃችን መካከል የምንቆምበትን ስፍራ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።