ስለ ብየዳ ኤሌክትሮድ ቁጥርና አያያዝ

ከውጭ አገር የሚመጣው የብየዳ ኤሌክትሮድ በመልኩና በርዝመቱ እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል፣ ብዙ ባለሱቅ በውፍረቱና በዋጋው ብቻ እየለየ ይሸጠዋል። ዋናው ልዩነት ግን በካርቶኑ ላይ በታተመው ቁጥር ውስጥ ነው፤ ይህንም ማንበብ የበያጁ ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ተግባር ነው።

በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንብ የሚሰየሙትን 6013ን እና 7018ን ለምሳሌ መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ቀልጦ የረጋው ብረት ሲጎተት ሳይበጠስ ሊችለው የሚገባውን ዝቅተኛ ኃይል ያመለክታሉ፤ ይኸውም 60 ሲል በስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ፣ 70 ሲል 70,000 ፓውንድ ማለት ነው። ሦስተኛው አኃዝ 1 ሲሆን ኤሌክትሮዱ በማናቸውም አኳኋን፣ ከራስ በላይም ቢሆን ይበይዳል። የመጨረሻው አኃዝ የልባሱን ዓይነትና የሚስማማውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይገልጻል።

ቁጥሩ ስለ በለጠ ዕቃው ይበልጣል ማለት አይደለም። ለበር፣ ለመስኮትና ለስስ ላሜራ 6013 በቶሎ የሚቀጣጠልና በትንሽ ማሽን የሚሠራ ስለሆነ ይመረጣል። 7018 ግን ለወፍራም ብረት፣ ለሕንፃ ምሰሶና ሸክም ለሚበዛበት ሥራ ነው።

ይህ ሁለተኛው ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ልባሱ እርጥበት የጠጣ እንደሆነ በብየዳው ሙቀት ሃይድሮጂን ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል፤ መጋጠሚያውም ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ምናልባትም ቀለም ተቀብቶ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በክረምት ወራት የታሸገውን ከፍቶ በጋዜጣ እየጠቀለሉ በፍሬ መሸጥ ለደንበኛው አደጋን መሸጥ ነው። ጥቅሉ ከተከፈተ በኋላ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚሞቅ ምድጃ ሊቀመጥ ይገባዋል። ከአየር እርጥበት የወሰደው ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያህል ይጋገራል፤ ውሃ የነካው ግን ይጣላል። 6013ን በዚህ ሙቀት መጋገር አይገባም፤ ልባሱ ለሥራው ጥቂት እርጥበት ስለሚያስፈልገው ይበላሻል።

የሚበየደው ብረት ሌላ ሲሆን ኤሌክትሮዱም ሌላ ነው። ጊዛ በኒኬል ኤሌክትሮድ ይጠገናል፤ የማይዝግ ብረት ከተራ ብረት ጋር ሲጋጠም በ309 ይበየዳል።

አስመጪው በትእዛዙ ላይ ቁጥሩንና የአስተሻሸጉን ዓይነት ለይቶ ይጻፍ፤ ዕቃው ሲደርስም የተቀደደውንና የረጠበውን ካርቶን ለብቻ አውጥቶ ለመድን ድርጅቱ ያስመዝግብ። በመጋዘን ውስጥ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይደርደር፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይሸጥ።