የመንገድ ባልንጀራ

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ለሌላው መልካምነት የመሰከረን ሰው አብሮት ተጉዞ እንደሆነ ጠይቀውታል ይባላል። የጥያቄው ክብደት የገባኝ በ2011 ዓ.ም. ከአንድ ሙስሊም ባልንጀራዬ ጋር ከድሬዳዋ ጅቡቲ ስሄድ ነው።

መንገዱ ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም፤ ባቡር ከተማችን የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። እኛ የተሳፈርነው ግን በ2010 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኤሌክትሪኩ ነበር። (ጣቢያው ከከተማ መራቁን አልወደድኩትም።)

ውድ አንባቢያን፣ መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ከአራት ረከዓ ወደ ሁለት ያሳጥራል፤ መግሪብ ሦስትነቱ አይነካም። እኛም እንዲሁ አደረግን። በጅቡቲው ሐሙዲ መስጂድ ከነዋሪ ኢማም ኋላ ስንሰግድ ግን አራቱንም ሞላን።

በማግሥቱ ሙቀቱ ጣለኝ። ባልንጀራዬ ዕቃ ሊገዛ ቀጠሮ ነበረው፤ ተወው። ሁለት ቀን ከራስጌዬ ሳይለይ ውሃ አጠጣኝ፤ መቆም ሲያቅተኝ ተቀምጬ እንድሰግድ አስታወሰኝ። ሸሪዓው ለእኔ ያቀለለውን ያህል ሸክሙን እሱ ወሰደው። ባዶ እጁን ተመለሰ።

ድሬ ከገባን በኋላ ስንት እንደከሰረ ጠየቅሁት።

«እስቲ ሻይህን ጠጣ» አለኝ። እስከ ዛሬ አልነገረኝም።