የብርቱካን ችግኝ ጤናን ምን ያረጋግጣል?

በሰሜን ወሎ፣ በግራናና በመርሳ ዙሪያ ብርቱካን ሊተክል የተነሣ ገበሬ ችግኝ ሲመርጥ የቅጠሉን ልምላሜና የግንዱን ቀጥተኛነት ያያል። ይህ አይበቃም። ሲትረስ ግሪኒንግ የሚባለው በሽታ ምልክት ሳያሳይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ዛፉ ውስጥ ይቆያልና።

ስጋቱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይና በሰሜን ወሎ የብርቱካን እርሻዎችና ችግኝ ጣቢያዎች በተደረገ ዳሰሳ የበሽታው የእስያ ዝርያ ባክቴሪያ ተገኝቷል። የአፍሪካው ዝርያ ሙቀት ሲበረታ ይዳከማል፤ የእስያው ግን ሞቃታማ ሸለቆም አይበግረውም።

ባክቴሪያው የሚዛመተው የቅጠል ጭማቂ በምትመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው፤ ደግሞም የታመመ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ በማዳቀል። ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ሁለተኛው ነው። አንድ የታመመ እናት ዛፍ በመቶ የሚቆጠሩ ችግኞችን ይበክላል። ቅጠሉ ሲዥጎረጎር ብዙ ሰው የማዳበሪያ እጥረት ይመስለዋል። የዚንክ እጥረት ቢጫነት ከመሐል ጅማቱ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ነው፤ የግሪኒንግ ግን ሁለቱ ጎኖች አይመሳሰሉም። ፍሬው ያንሳል፣ ይጣመማል፣ ይመርራል። መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ሲቀርብ ችግኙን ትቶ ስለ እናት ዛፉ መጠየቅ ያስፈልጋል። በላቦራቶሪ ተመርምሯል? መቼ? ምርመራው በየጊዜው ይደገማል? ነፍሳት በማያስገባ መረብ ውስጥ ነው ያለው? ከሁሉ በላይ፣ መርማሪው ከሻጩ የተለየ ነው? ሻጩ ራሱን የሚመረምርበት ወረቀት እኔን አያሳምነኝም።

በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ግዛት ከ2003 ጀምሮ የብርቱካን ችግኝ በመረብ ቤት ብቻ እንዲፈላ አስገድዷል። ፍሎሪዳ በ1997 የማዳቀያ ቅርንጫፍ ምርመራን ግዴታ ብታደርግም ችግኞቿ ሜዳ ላይ ይፈሉ ነበር። በሽታውን የምታዛምተው ነፍሳት በ1998 ታየች፤ ሙራያ በሚባል ለውበት በሚሸጥ የማሰሮ ተክልም ከከተማ ከተማ ተጓዘች። በሽታው በ2005 ተገኘ። ብርቱካንን መርምሮ የአበባና የጌጥ ተክል ሻጩን ማለፍ በሩን ክፍት ይተዋል፤ በወልድያም ሆነ በመርሳ ማረጋገጫ ሲታሰብ ይህ መካተት አለበት።

ወረቀት የሌለው ጣቢያ ቢያጋጥምም፣ ቅርንጫፉ የተቆረጠበትን ዛፍ አሳዩኝ ማለት ይቻላል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ችግኝ፣ ርካሽም ቢሆን፣ ወደ ጤናማ ማሳ አይግባ።